ደጅ ያለው ቤት፦ በመሀል ከተማ ለቤተሰብ የሚሆን ረድፍ ቤት ስለ መንደፍ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በአዲስ አበባ መሀል አንድ ቤተሰብ መሬት ሳያባክን፣ ከመሬትም ሳይርቅ ሊኖር የሚችለው በምን ዓይነት ቤት ነው? የእኔ መልስ ረድፍ ቤት ነው። ረድፍ ቤት የምለው ግራና ቀኙ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ፣ ፊቱ ወደ መንደር መንገድ፣ ጀርባው ወደ ጓሮ የሚከፈት፣ ከሦስት ወለል የማይበልጥ ቤት ነው።

ለዓመታት በንድፍ ክፍል እንደታዘብኩት፣ ተማሪ የመኖሪያ ቤት ንደፍ ሲባል እጁ ከሁለት ወደ አንዱ ይሄዳል፦ በአጥር ወደ ተከበበ ቪላ፣ አለዚያም ወደ ረጅም ሕንፃ። የከተማችንም ነገር ከዚህ ብዙ አይለይም። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ በቀበሌ ሥር የቆዩት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ጠባብ ናቸው፤ ብዙዎቹም አርጅተዋል። ነገር ግን ደጅ አላቸው። በደጁ እናት እንጀራ ትሸጣለች፣ ልጅ ይጫወታል፣ አረጋውያን ፀሐይ ይሞቃሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና የባለቤትነት ወረቀት ሰጥቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የደረሳቸው ቤተሰቦች ደጃቸውን አጥተዋል። ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱት ደግሞ እድራቸውን፣ ገበያቸውንና የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ጭምር ትተው ሄደዋል። ስለዚህ የቤት ቅርጽ ጥያቄ በመሀል ከተማ ማን ይኖራል ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አይታይም።

ተያይዞ መኖር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው ጁገል፣ የሐረር ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው፣ በጠባብ መተላለፊያዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይኖራሉ። ከተማዋ ጥቅጥቅ ያለች ናት፤ ቤተሰብ ግን ከበሩ ሲገባ ወደ ራሱ ግቢ ይገባል። ከዚያ የምንማረው ቅርጹን መቅዳት ሳይሆን፣ ጥግግትና ገመና አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው።

አሁን ወደ ልኩ ልግባ። ፊቱ 5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 16 ሜትር የሆነ ቦታ እንውሰድ፤ 80 ካሬ ሜትር ማለት ነው። 2 ሜትሩን ለደጅ፣ 9 ሜትሩን ለቤቱ፣ 5 ሜትሩን ለጓሮ እንስጥ። በሦስት ወለል 135 ካሬ ሜትር ግንባታ ይኖረናል። ምድሩ ላይ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አያት የሚያድሩበት ክፍልና መታጠቢያ ይኑር። ምጣዱ በጓሮው በኩል ይሁን፤ ጭሱና እንፋሎቱ ወደ መኝታ ክፍሎች እንዳይወጣ። ደረጃው ከመግቢያው አጠገብ ከሆነ፣ ነገ የላይኛው ወለል ለሚያገባ ልጅ ወይም ለተከራይ በቀላሉ ሊለይ ይችላል።

ስለ ብርሃን የሚነሣው ሥጋት ተገቢ ነው፤ ሆኖም መልስ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ እጅግ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ በቀትር ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። የ9 ሜትር ቤት ጥላ በዚያ ሰዓት 6 ሜትር አይሞላም። ጓሮ ከጓሮ ጋር ሲገጥም በሁለቱ ረድፎች መካከል 10 ሜትር ስለሚኖር፣ ረድፎቹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብንዘረጋቸው መስኮቶቹ የቀትር ፀሐይ አያጡም። ድምፅን በተመለከተ የጋራውን ግድግዳ በአንድ ብሎኬት መሥራት ቁጠባ አይደለም፤ በመካከሉ ክፍተት ያለው ጥንድ ግድግዳ የጎረቤትን ሰላም ይጠብቃል። የመንደሩን መንገድ ስፋት ደግሞ መኪና ብቻ አይወስነው፤ የእሳት አደጋ ተሽከርካሪ ይለፍበት፣ ለቅሶ ሲሆንም ድንኳን ይተከልበት።

«መሬት ውድ ነው፤ ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው» የሚል ክርክር ዘወትር እሰማለሁ። እስቲ እናስላ። ከአንድ ሔክታር 40 በመቶውን ለመንገድና ለጋራ መገልገያ ብንተው፣ በቀረው 6,000 ካሬ ሜትር ላይ 75 ቤቶች ይቆማሉ። ከግማሾቹ ቤቶች ፎቅ ላይ ሁለተኛ ቤተሰብ ቢኖር፣ ቁጥሩ ከ110 አባወራና እማወራ ያልፋል። በአምስተርዳም የቀድሞ ወደብ ላይ የተሠራው ቦርኔዮ ስፖረንቡርግ የተባለው ሰፈር፣ አብዛኞቹ ቤቶቹ ሦስት ወለል ብቻ ሆነው በሔክታር 100 ያህል ቤት አስፍሯል። በዋና ጎዳናዎች ዳር ረጃጅም ሕንፃዎች ቦታ አላቸው፤ ይህን አልክድም። ከጎዳናው ጀርባ ያለውን መንደር ሁሉ ግን ለእነርሱ መልቀቅ የስሌት ግዴታ አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ጥቅም ላንሣ። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ጣሪያ፣ ደረጃና የውኃ መስመር የጋራ ስለሆኑ ጥገናቸው የጋራ ውሳኔ ይጠይቃል። በረድፍ ቤት የጋራ የሆነው በዋናነት ግድግዳው ነው። ጣሪያው ያፈሰሰበት ሰው ጎረቤቱን ሳይጠብቅ ይጠግናል፤ አቅም ያነሰው ደግሞ መሠረቱና ዓምዱ አስቀድሞ ታስቦበት ከተሠራ፣ ምድሩን ዛሬ፣ ፎቁን ከዓመታት በኋላ ሊሠራ ይችላል። በቺሊ ኢኪኬ ከተማ ለ93 ቤተሰቦች የተሠራው ኪንታ ሞንሮይ ቤተሰቡ ራሱ እንዲያሳድገው የቤቱን ግማሽ ብቻ ሠርቶ ማስረከብ እንደሚቻል አሳይቷል። ቤተሰቦቹም የቆዩት በኖሩበት በመሀል ከተማው ቦታ ላይ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት ወደ ነባር መንደር ሂዱና ሜትር ይዛችሁ ለኩ፦ ምጣዱ ስንት ቦታ ይይዛል? ቡና ሲፈላ ስንት ሰው ይቀመጣል? የታመመ ሰው በቃሬዛ ሲወጣ በሩ ይበቃዋል? ሰፈሩ በሚፈርስበት ቀን ነዋሪውን በዚያው ማኖር ይቻላል ብሎ በፕላን ጉባኤ ፊት የሚከራከር ባለሙያ፣ እነዚህን ልኮች በእጁ ሊይዝ ይገባል።