ለዘመድ ጥየቃም ቀን ይቆረጥ



ለሞተ ሰው ያበጀነውን ያህል ሥርዓት በሕይወት ላለው ዘመዳችንም እናብጅለት ለማለት ነው ዛሬ እዚህ ድባጤ እፊታችሁ የቆምኩት። የእድርን አሠራር ተመልከቱ። ሰው ባረፈ ማግስት ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው ከዕቃ ቤት ይወጣል። ገበሬው በሬውን ፈትቶ፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ከቀብር መልስ ስም ይጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ያው ሰው ግን አክስቱን በሕይወት ሳሉ ለመጠየቅ «ክረምቱ ይለፍና»፣ «እህሉ ይግባና»፣ «ለፋሲካ ካልሆነም ለእንቁጣጣሽ» ሲል ዓመታት ይቆጠራሉ። ይህ ሰው ጨካኝ አይደለም፤ ሲረዳ ደረቱን እየደቃ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ቀብር ቀኑን ይዞ ይመጣል፤ ለጥየቃ ግን ቀን የሚቆርጥለት አልተገኘም።

ቀጠሮ የምናራዝመው መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት እንደሚቆየን አድርገን ስለምናስብ ነው። የአገራችን የቅርብ ታሪክ ይህን አያሳይም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ በረራውም የስልክ መስመሩም ተቋረጠ፤ ከአዲስ አበባ አስመራ መደበኛ የመንገደኞች በረራ እንደገና የተጀመረው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት ማለት ሕፃን ተወልዶ ለወግ የሚደርስበት፣ እናት የምታረጅበት ዘመን ነው። ወደ መቀሌም በትግራዩ ጦርነት የተቋረጠው በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቀጥል፣ ለመገናኘት የበቁት ተቃቅፈው አለቀሱ፤ በመካከሉ ወላጁን ያጣ ግን የሚያቅፈው አላገኘም። ስለ ዞናችን ስለ መተከል ለእናንተ መንገር አያሻም። ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚሁ በድባጤ ወረዳ በመንገደኞች አውቶቡስ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 34 ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በታኅሣሥ 14 ደግሞ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ሸሽተው ቻግኒ ራንች መጠለያ ገቡ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። በደሉ የገዳዩ ነው፤ «ምነው ቀደም ብዬ በሄድኩ» እያለ ራሱን የሚቀጣ ሐዘንተኛ ካለ፣ ያ ዕዳ የእሱ አይደለም።

ስልክ አለ አይደል ወይ የሚል አይጠፋም። ስልክ ትልቅ በረከት ነው፤ ግን ለሽማግሌ ሰው ደውላችሁ «እንዴት ነዎት?» ስትሉ የሚመጣውን መልስ ታውቁታላችሁ፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ልጅን ላለማስጨነቅ ሕመም ይደበቃል። ሄዶ ያየ ሰው ግን የዓይናቸውን ሞራ ያያል፤ የጣሪያውን ማፍሰስ፣ የውሃውን ጀሪካን ራሳቸው ከወንዝ መሸከማቸውን ያያል። እነዚህ ሁሉ በጊዜ ከታወቁ መላ አላቸው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የድህነት ነው። መሳፈሪያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ባዶ እጅ መሄድም ያሳፍራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ ድህነት ለተዝካር ተበድረን ከመደገስ አላገደንም። ተዝካሩ ይቅር አልልም፤ የቀሩትን ያጽናናል፣ ነዳያንን ያበላል። አባቶቻችን ግን የቁም ተዝካርንም ያውቁ ነበር፤ ሰው በሕይወቱ ደግሶ፣ ካህናቱንና ጎረቤቱን አብልቶ፣ ምርቃቱን በገዛ ጆሮው ይሰማ ነበር። ለአርባው ከሚወጣው ጥቂቱ አስቀድሞ ቢወጣ፣ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ተይዞ የሚኬድበት አይጠፋም።

በቀጠሮ የሚመጣ ፍቅር ከልብ አይደለም የሚሉም አሉ። የእድር ቅጣት ስላለ ለቅሷችን የውሸት ነው የሚል ግን ሰምተን አናውቅም። ሺናሾች ጋሪ ዎሮን በየዓመቱ በመስከረም ሲያከብሩ፣ ምስጋናውና የሽማግሌዎች ምርቃት ቀን ስለተቆረጠለት አልቀለለም። ሙስሊሙ ወገናችንም በኢድና በአረፋ ዘመዱን የሚዘይረው ቀኑ ታውቆ ነው። ቀን መቁረጥ ፍቅርን አይፈጥርም፤ ያለው ፍቅር ግን በሥራ ብዛት ተውጦ እንዳይቀር ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ለየእድሩ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በውስጠ ደንቡ ላይ የጥየቃ ሳምንት የሚል አንድ አንቀጽ ይግባ። ጥር የሚመች ይመስለኛል፤ እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ወንዙም ጎድሏል። መሳፈሪያ ላጠረው አባል ከእድሩ ገንዘብ በብድር ይሰጠው፤ መሄድ ያልቻሉ አረጋውያንን ደግሞ ወጣቶች ተከፋፍለው እቤታቸው ይጠይቁ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ማንም እንዲሄድ አይገደድ። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ ይያዝልኝ።