ውሃው ወዴት ይሄዳል? በሰቆጣ ለግቢ ሥራ ባለሙያ ስለ መምረጥ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከታላላቆቹ የልማት ጥያቄዎች አጠገብ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ቤት የሠራ ሰው ግቢውን ለመደልደል፣ ለማስዋብና አትክልት ለመትከል ሲነሣ ሥራውን ለማን ይስጥ? በሜዳማ ከተማ ይህ የአምሮት ጥያቄ ነው። በሰቆጣ ግን ብዙው ቤት በተዳፋት ላይ ቆሟል፤ አፈሩ ስስ፣ ሥሩ ዐለት ነው፤ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አገር የተሳሳተ ምርጫ የራስን አፈርና የጎረቤትን አጥር ይዞ ይሄዳል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሴን ግቢ ሳሠራ ዋጋ ዝቅ ያደረገልኝን ሰው መረጥሁ። ያሳየኝ ሥዕል ያማረ ነበር፤ አረንጓዴ ሣር፣ በሲሚንቶ የተለሰነ የድጋፍ ግንብ፣ ሁለት ዘንባባዎች። ግንቡ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን አልነበረውም። በመጀመሪያው ክረምት የራሰው አፈር ከብዶ ገፋውና አንድ ሌሊት በታችኛው ጎረቤቴ ጓሮ ላይ ወደቀ። ሰው አለመጎዳቱ የእግዚአብሔር ቸርነት እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አልነበረም። ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ብቻ አልጭንም፤ ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ውሃ አንድም ነገር አልጠየቅሁትምና።

በኋላ የጠራሁት ግንበኛ በዋግ ገጠር፣ በየበጋው በሚካሄደው የተፋሰስ ሥራ እርከን እየሠራ ያደገ ሰው ነው። ግቢውን ከላይ እስከ ታች ዞሮ ካየ በኋላ፣ «የላይኛው ጎርፍ በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል?» ሲል ጠየቀኝ። በገመድና በውሃ ልክ የመሬቱን ደረጃ ለየ፤ ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፈረ፤ አንዱን ረጅም ግንብ በሦስት ዝቅተኛ እርከኖች ተካው። ካቡን ያለ ሲሚንቶ፣ መሠረት አውጥቶ፣ ወደ ላይኛው አፈር ጥቂት ዘንበል አድርጎ ደረደረው። ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ይጣራል፤ አፈሩ ይቀራል።

ከዚህ የተማርሁትን በአራት ነጥቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለሙያው ከአበባው በፊት ስለ ተዳፋቱና ስለ ጎርፉ ይጠይቅ። ካልጠየቀ ሌላ ፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበትን ሥራ ያሳያችሁ። በግንቦት የተጠናቀቀ ግቢ ሁሉ ያምራል፤ ምስክሩ መስከረም ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ከሙያው ጋር አዛምዱ። ለዝቅተኛ ካብ የታወቀ ግንበኛ ይበቃል፤ ከሰው ቁመት ለሚበልጥ ወይም የቤት መሠረት ለሚደግፍ ግንብ መሐንዲስ የግድ ነው። ስለ ተክል የሚመክራችሁም ሰው በጋችንን የሚያውቅ ይሁን። ወይራና እሬት ድርቁን ይችሉታል፤ ሣር ግን የመጠጥ ውሃችሁን ይሻማል። በከተማችን የሚገኘው የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እንዲህ ያለውን መሬት ለማጥናት ነውና ባለሙያዎቹን መጠየቅ አያሳፍርም።

አራተኛ፣ ውላችሁ በጽሑፍ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግንባታ የሚሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ የመሬቱ ጠባይ ባመጣው ጉድለት እንኳ ተጠያቂ ነው። እኔ ግን ማን ምን እንደ ሠራ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረኝ ሕጉን ለመጥቀስ እንኳ አልደፈርሁም። የክፍያውንም የመጨረሻ ክፍል ክረምቱ እስኪወጣ ማቆየትን በውሉ ውስጥ አስገቡ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላንሣ። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የተገባው ቃል ኪዳን በዚህች ከተማ ስም ይጠራል። ስለዚህ እርከኑ የያዘላችሁን አፈር ለጌጥ ብቻ አታውሉት። በእኔ ግቢ ሣሩ በነበረበት ቦታ ዛሬ ጎመንና ካሮት አለ፤ የታችኛው ጎረቤቴም ሐምሌ ሲገባ ተረጋግቶ ይተኛል።