ኮርቻና ሐዲድ

እሷ፦ መካነ ሰላም ተቀምጠን ስለ ባቡር ስናወራ አድማጭ አይስቅብንም? እኛን የሚያንቀጠቅጠን ሲኖትራክ ነው!

እሱ፦ ይሳቅ! የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የራሳችን ደቡብ ወሎ ናት።

እሷ፦ እሺ፣ ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ንዝረቱን ማን ይችለዋል?

እሱ፦ የበቅሎ ኮርቻን አስቢ። ከስሩ ጨርቅ ካልተነጠፈ ጀርባዋ ይላጣል፤ ማሰሪያው ከላላም ጋላቢው ይወድቃል። ሐዲዱም ከስሩ በተጋደመው ኮንክሪት ላይ በባዶው አይቀመጥም። ከስሩ ላስቲክ አለ፤ ከላይ ደግሞ እንደ ሞላ የሚለጠጥ የብረት መቆንጠጫ ይጫነዋል። ጭነት ሲያልፍ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ተመልሶ ይነሳል። ድሮ በምስማር ሲመታ ግን ምስማሩ በንዝረቱ ብዛት ቀስ በቀስ ይላላ ነበር።

እሷ፦ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ኩርባ ላይ ሲጥ ቢልስ? ላስቲኩ የት ሄዶ ነው?

እሱ፦ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ የብረት መንኮራኩሩ ኩርባው ላይ ሲንሸራተት የሚወጣ ድምፅ ነው።

እሷ፦ ታዲያ ለንዝረቱ ላስቲኩን ወፍራምና ለስላሳ ማድረግ ነዋ!

እሱ፦ ቀላል መስሎሽ! በጣም ከለሰለሰ መሬቱና የጎረቤቱ ቤት ከንዝረት ያርፋሉ፣ ሐዲዱ ግን ራሱ ይበልጥ ይጮኻል።