የመኪና ሊዝና የክሬዲት ካርድ ሽልማት፤ የአንድ ወርኃዊ ክፍያ ሒሳብ ሲመረመር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖር አንድ ደመወዝተኛ በየወሩ ከሚከፍላቸው ዕዳዎች መካከል ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ከፍ ያለ ስፍራ ከሚይዙት አንዱ የመኪና ክፍያ ነው። መኪናውን በሊዝ የያዘ ሰው ደግሞ ይህን ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ዓመት ያህል ሳያቋርጥ ይከፍላል። በኪሱ ያለው ክሬዲት ካርድ በበኩሉ ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር ወጪ አንድ ወይም ሁለት ዶላር፣ ወይም ለአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን ነጥብ እንደሚመልስለት ቃል ይገባለታል። እንግዲህ ይህ ሰው «የማይቀረውን የመኪና ክፍያ በካርዱ ብከፍለው ሽልማቱ እንዲያው በነጻ አይገኝምን?» ብሎ ቢያስብ የሚያስገርም አይደለም። የዛሬው ንግግር ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ እንደ ማንኛውም የምሕንድስና ጥያቄ ገቢና ወጪውን ለክቶ መመርመር ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ሽልማቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። በአገር ቤት ገበያ እህል የምትሸጥ ሴት ለደንበኛዋ ምርቃት ስትጨምር፣ ምርቃቱ የሚወጣው ከራሷ ቁና ነው። የክሬዲት ካርድ ምርቃት ግን የሚወጣው ከሦስተኛ ሰው እጅ ነው። አንድ ደንበኛ የ100 ዶላር ዕቃ በካርድ ሲገዛ ነጋዴው መቶው ዶላር ሙሉውን አይደርሰውም፤ እንደ ካርዱ ዓይነትና እንደ ውሉ ከ2 እስከ 3 ዶላር ገደማ ተቀንሶ ቀሪው ይገባለታል። ከተቀነሰውም ውስጥ ኢንተርቼንጅ የሚባለው ትልቁ ድርሻ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይሄዳል። ባንኩ ለደንበኛው ሽልማት የሚሰጠው በአብዛኛው ከዚህ ላይ ቆርሶ ነው።

የዚህ አባባል ማስረጃ ሩቅ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው ደንብ ይህ ክፍያ ለግል ክሬዲት ካርድ ከ0.3 በመቶ፣ ለዴቢት ካርድ ደግሞ ከ0.2 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በዚያ ያሉ የካርድ ሽልማቶችም ከአሜሪካዎቹ ጋር ሲወዳደሩ አነስተኛ ናቸው። በዩናይትድ ስቴትስም በ2010 የወጣውን የፋይናንስ ማሻሻያ ሕግ ተከትሎ ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ ትልልቅ ባንኮች በዴቢት ካርድ የሚያገኙት ክፍያ ጣሪያ ሲበጅለት፣ ብዙዎቹ የዴቢት ካርድ ሽልማታቸውን አቋረጡ። ምንጩ ሲደርቅ ጅረቱም ይደርቃል።

ቀጥሎ የሊዝ ክፍያ ከምን ከምን እንደሚውጣጣ እንመልከት። ሊዝ ማለት በቀላል አነጋገር መኪናው በውሉ ዘመን ውስጥ የሚያጣውን ዋጋ መክፈልና አከራዩ በመኪናው ላይ ላዋለው ገንዘብ ደግሞ የኪራይ ወለድ መክፈል ነው። ለምሳሌ ያህል በውሉ ላይ የተያዘው የመኪናው ዋጋ 34,000 ዶላር፣ ከ36 ወር በኋላ ይኖረዋል ተብሎ የተገመተው ቀሪ ዋጋ 20,000 ዶላር ነው እንበል። ልዩነቱ 14,000 ዶላር ለ36 ሲካፈል 388.89 ዶላር ይሆናል። የኪራይ ወለዱ የሚሰላው ሁለቱን ዋጋዎች ደምሮ መኒ ፋክተር በሚባል ትንሽ ቁጥር በማባዛት ነው። ቁጥሩ 0.0015 ቢሆን፣ 54,000 ሲባዛ በ0.0015 ለአንድ ወር 81 ዶላር ይመጣል። ታክሱን ለጊዜው ብንተወው ወርኃዊው ክፍያ 469.89፣ ማለትም 470 ዶላር ያህል ነው።

ይህ ስሌት አከራይ ኩባንያዎች በአብዛኛው ወርኃዊ ክፍያን በክሬዲት ካርድ የማይቀበሉበትን ምክንያት በግልጽ ያሳያል። ከ470 ዶላሩ ውስጥ ለአከራዩ የወለድ ገቢ የሚሆነው 81 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ የቀረው የራሱ ገንዘብ ተመላሽ ነው። የካርድ ክፍያው ግን የሚቆረጠው ከጠቅላላው ላይ ነው። ከ470 ዶላር 2 በመቶ 9.40 ዶላር ነው፤ ይህም አከራዩ በወሩ ከሚያገኘው ወለድ ከአሥር እጅ አንዱን የሚበልጥ ነው። ስለሆነም አከራዩ በባንክ ሒሳብ ወይም በቼክ እንዲከፈለው መጠየቁ ከግትርነት የመጣ ሳይሆን የሒሳብ ግዴታ ነው።

ይህን በር ዝግ ያገኘ ተከራይ ሌላ መንገድ ይቀርብለታል። ገንዘቡን ከካርዱ ተቀብለው ለአከራዩ በቼክ ወይም በባንክ የሚያስተላልፉ መካከለኛ ድርጅቶች አሉ። እነዚህም ለአገልግሎታቸው ክፍያ ያስከፍላሉ፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ክፍያው 2.9 በመቶ፣ የካርዱ ሽልማት ደግሞ 2 በመቶ ቢሆን ሒሳቡ እንደሚከተለው ይሆናል። በየወሩ ለአገልግሎት 13.63 ዶላር ይከፈላል፤ በ36 ወር 490.68 ዶላር ማለት ነው። በካርዱ ላይ የሚመዘገበው 483.63 ዶላር ስለሆነ ሽልማቱ በወር 9.67፣ በ36 ወር ደግሞ 348.21 ዶላር ይደርሳል። ተከራዩ 348 ዶላር አገኘሁ ብሎ ሲደሰት በእርግጥ 142 ዶላር ከስሯል። የ2.9 በመቶ ክፍያን ለመሸፈን ብቻ ሽልማቱ 2.82 በመቶ መድረስ አለበት።

ሽልማቱ በነጥብ የሚሰጥ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 የደንበኞቹን የጉዞ ማይል እየቆጠረ መሸለም ከጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ ከአየር መንገዶች ወደ ባንኮች ተስፋፍቷል። ነጥብ ግን ገንዘብ አይደለም፤ ስንት እንደሚያወጣ የሚወስነው የሰጠው ድርጅት ነው፤ ዋጋውንም በፈለገው ጊዜ ሊለውጠው ይችላል። ለዓመታት ነጥብ አከማችቶ ያልተጠቀመበት ሰው ሁኔታ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን በካርድ መክፈል ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት አይደለም። የሚጠቅምባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው አከራዩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ካርድ የሚቀበል ከሆነ ነው፤ ይህ ግን እምብዛም አይገኝም። ሁለተኛው አዲስ ካርድ የመግቢያ ሽልማት ሲኖረው ነው። ለምሳሌ በሦስት ወር ውስጥ 1,500 ዶላር ወጪ ላደረገ 200 ዶላር የሚሰጥ ካርድ ቢኖርና ተከራዩ በሌላ ወጪው ይህን መጠን ሊሞላ ባይችል፣ ሦስት የሊዝ ክፍያዎችን በመካከለኛው ድርጅት በኩል ቢያሳልፍ የአገልግሎቱ ክፍያ 40.89 ዶላር ነው፤ የመግቢያ ሽልማቱ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ከሦስተኛው ወር በኋላ ግን ወደ ባንክ ሒሳቡ መመለስ ይኖርበታል። ሦስተኛው ውሉ ሲፈረም የሚከፈለው የመጀመሪያ ክፍያ ነው፤ ብዙ መኪና ሻጮች እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ በካርድ ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ለሽልማቱ ሲባል ቅድሚያ ክፍያውን ማብዛት አይገባም። መኪናው በአደጋ ከጥቅም ውጭ ቢሆን ወይም ቢሰረቅ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለአከራዩ ስለሆነ፣ ተከራዩ አስቀድሞ ያፈሰሰው ገንዘብ በአብዛኛው አይመለስለትም።

በእነዚህ ሁኔታዎችም ቢሆን ሊዘነጉ የማይገባቸው አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው ወለድ ነው። ከ2023 ወዲህ ባሉት ዓመታት በዩናይትድ ስቴትስ የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። በ21 በመቶ ቢሰላ የ483.63 ዶላር ዕዳ የአንድ ወር ወለድ 8.46 ዶላር ነው፤ የወሩን ሽልማት ጠራርጎ ሊወስደው ምንም አይቀረውም። ከዚህም የከፋው ሙሉ ዕዳውን በቀኑ ያልከፈለ ሰው የእፎይታ ጊዜውን ስለሚያጣ፣ ቀጥሎ በዚያው ካርድ የሚገዛው ዳቦና ወተት ሳይቀር ከገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ የሚቆጠርበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ባንኩ እንዲህ ያለውን ክፍያ እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ከመዘገበው፣ ሽልማት ቀርቶ ልዩ ክፍያና የእፎይታ ጊዜ የሌለው ወለድ የሚከተል መሆኑ ነው። ሦስተኛው የካርዱ ጣሪያ ዝቅተኛ ሲሆን በየወሩ 480 ዶላር መጫን የተከራዩን የብድር ታማኝነት ነጥብ ሊቀንስበት መቻሉ ነው። አራተኛው መካከለኛው ድርጅት ቼኩን ቢያዘገይ፣ ዘግይተህ ከፍለሃል ተብሎ የሚጠየቀው ድርጅቱ ሳይሆን ተከራዩ መሆኑ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን ከካርዱ ውጭ ይገኛል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መኒ ፋክተሩ 0.0015 በመሆን ፋንታ 0.0020 ቢሆን፣ የወሩ የኪራይ ወለድ ከ81 ወደ 108 ዶላር ያድጋል። ልዩነቱ በወር 27፣ በ36 ወር 972 ዶላር ነው። መኪና ሻጩ አከራዩ ከሚጠይቀው በላይ ይህን ቁጥር ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ቁጥሩም እጅግ ትንሽ ስለሚመስል ተከራዩ ሳያስተውለው ያልፋል። ለ348 ዶላር ሽልማት ሲደክም የ972 ዶላሩን ሳያይ የሚፈርም ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ይመስላል።

መከላከያው በተከራዩ እጅ ነው። በ1976 የወጣው የተጠቃሚዎች የሊዝ ሕግና ማስፈጸሚያ ደንቡ አከራዩ የመኪናውን ዋጋ፣ ቀሪ ዋጋውን፣ የዋጋ ቅናሹንና ጠቅላላ የኪራይ ወለዱን በውሉ ላይ ለይቶ እንዲያሳይ ያስገድዳሉ። መኒ ፋክተሩ ባይጻፍ እንኳ ከእነዚህ ማግኘት ይቻላል። ጠቅላላ የኪራይ ወለዱን፣ በምሳሌው 2,916 ዶላር፣ ለወራቱ ብዛት ማካፈል፤ የተገኘውን 81 ዶላር ለሁለቱ ዋጋዎች ድምር፣ ለ54,000፣ ማካፈል፤ በመጨረሻም ውጤቱን በ2,400 ማባዛት ነው። የሚገኘው 3.6 ለዓመታዊው የወለድ መቶኛ የቀረበ ነው። ይህን ስሌት ከመፈረም በፊት ለመሥራት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ለማጠቃለል አንድ የኅብረተሰብ ጉዳይ ማንሳት ተገቢ ይሆናል። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ነጋዴዎች የካርዱን ወጪ በዕቃ ዋጋ ላይ ስለሚጨምሩት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚያስተላልፍ፣ አንድ ካርድ ተጠቃሚ ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር እንደሚቀበል ገምተዋል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ እንጀራ የሚሸጠው ወገን ከእያንዳንዱ የካርድ ሽያጭ ላይ ይቆረጥበታል፤ ገና ከአገር ቤት የመጣውና ካርድ ለማግኘት የብድር ታሪክ የሌለው ዘመድም በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ ያንኑ ዋጋ ይከፍላል። የሽልማቱ ምንጭ ይህ መሆኑን ማወቅ ካርድ መያዝን ኃጢአት አያደርገውም፤ በነጻ የመጣ ነገር አለ ከሚለው ሐሳብ ግን ያላቅቃል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ የመኪናውን ዋጋና መኒ ፋክተሩን መደራደር፤ ቀጥሎ በዓመት የሚነዳውን ማይል በትክክል ገምቶ ከተፈቀደው በላይ ለሚነዳው ከሚመጣ ዕዳ መጠበቅ፤ የካርዱን ዕዳ በየወሩ ሙሉ በሙሉ መክፈል፤ ሽልማቱን በመጨረሻ፣ ያውም የአገልግሎት ክፍያውን ቀንሶ ማስላት። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ሽልማት ቢያገኝ ትርፉ ነው፤ ባያገኝም የጎደለው ነገር የለም።