«አይቼዋለሁ» ያልኩበት ቀን
(በምሩቃን መገናኛ ቀን ከተደረገ ንግግር)



ግማሾቻችሁ ኮድ ትጽፋላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ ኮድ ሲነሳ እንቅልፍ ይመጣባችኋል። ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር ልሞክር።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን የሠራነው ለአራት ነው። ኮዱ በአንድ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ፎልደሮቹ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» ይባሉ ነበር። ልናቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረን አንዱ ጓደኛችን የራሱን ፋይል በእኔ ላይ ገልብጦ የሦስት ቀን ሥራዬን አጠፋው። (ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ይቅር ብዬዋለሁ።)

ጊት ያን ጊዜም ነበረ፤ እኛ ነን ያላወቅነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የሊነክስ ከርነል አዘጋጆች የሚሠሩበት ቢትኪፐር የተባለው ፕሮግራም ለእነሱ በነፃ መሰጠቱ ሲቀር። በጊት እያንዳንዱ ሠራተኛ ሙሉው ኮድ ከነታሪኩ በራሱ ኮምፒውተር ላይ አለው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይመዘገባል። ሁለት ሰው አንድ መስመር በየፊናው ከቀየረ፣ ሥራቸው ሲቀላቀል ጊት አንዱን በሌላው ላይ ዝም ብሎ አይደፋም፤ «እዚህ ጋ ግጭት አለ፣ ተነጋገሩ» ብሎ ይቆማል።

የሰውን ይሉኝታ ግን ጊት አይፈታም።

የመጀመሪያ ሥራዬ የክፍያ ሶፍትዌር ላይ ነበር። አንድ ሰው የጻፈው ለውጥ ከዋናው ኮድ ጋር የሚቀላቀለው ሌላ ሰው አንብቦ ሲያጸድቀው ነው፤ ሪቪው የምንለው ይህን ነው። አንድ ቀን ጋሼ የምላቸው፣ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ ባልደረባ ለውጣቸውን ላኩልኝ። አንዲት ቦታ አልገባችኝም። ኔትወርክ ተቋርጦ የክፍያ ጥያቄው እንደገና ቢላክስ? ልጠይቃቸው አሰብኩና፣ «እሳቸው ይህን ሳያስቡ ይቀራሉ? ደግሞ እኔ ማን ነኝ?» ብዬ ተውኩት። አይቼዋለሁ ብዬ አጸደቅኩ።

በማግስቱ ከደንበኞች ሂሳብ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ስልክ ከደወሉት አንዷ ለቤት ኪራይ የያዘችው ብር ነበር። ገንዘቡ እስኪመለስላት ቀናት ፈጀ፤ አከራይዋ ግን ቀናት አልሰጣትም። ጋሼ ሲመጡ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ያሉኝ ግን «ገብቶሽ ኖሮ ለምን አልጠየቅሽኝም?» ብቻ ነው። የለውጡ ታሪክ ላይ፣ ካጸደቀው ሰው ቦታ፣ ስሜ ዛሬም አለ።

ሁለተኛ ዓይን ስላየው ብቻ ስህተት ይያዛል ማለቴ አይደለም። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የሚባለውና ብዙ ድረ ገጾች የተጠቃሚን መረጃ ለመመስጠር የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ውስጥ፣ ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት የገባው በ2011 መጨረሻ ነው። የተላከው መልእክት ርዝመት ልክ መሆኑ ሳይጣራ ይታለፍ ነበር፣ በቃ ይኸው ነው። ለውጡን ከጸሐፊው ሌላ ሰው አይቶት ነበር፤ አመለጠው። የታወቀው በ2014 ነው። ስለዚህ እኛ ጋ አሁን ለውጥ በትንሽ በትንሹ ነው የሚላከው፤ ሁለት ሺህ መስመር ጭኖ «ቶሎ እይልኝ» የሚል ሰው ይመለስለታል። ኮምፒውተሩ ሊፈትሽ የሚችለውን ለኮምፒውተሩ ትተን፣ ሰው «ይህ ለምን ሆነ?» ይጠይቃል። ከአለቃም ጀምሮ።

መምህራኖቻችን፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ፕሮጀክት ስትቀበሉ የተጠናቀቀውን ፕሮግራም ብቻ አትዩ፤ የጊት ታሪኩንም ጠይቁ። አራት ስም ተጽፎ አንድ ሰው ብቻ ሲሠራ ያኔ ይታያል (ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ!)። ተማሪ የጓደኛውን ኮድ አንብቦ ላነሳው ጥያቄም ማርክ ስጡ። እኔ ጋሼን ለመጠየቅ ያጣሁትን ድፍረት እዚሁ ክፍል ውስጥ ይለማመዱት።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ልሞክረው የሚል መምህር ካለ፣ ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ አለሁ። ሥራዬን ያጠፋው ጓደኛዬም አብሮኝ ይመጣል፤ የሦስት ቀን ዕዳ አለበት።