ስለ ገበያ ትምህርት



በዛሬው ንግግሬ በየኮሌጁ ማርኬቲንግ እየተባለ ስለሚሰጠው ትምህርት ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ሰዎች ይህን ስም ስንሰማ ብዙውን ጊዜ ፈገግ እንላለን። ማርኬቲንግ ማለት ለነጋዴ ልጅ የሚሰጥ የማግባባት ጥበብ፥ ወይም የማስታወቂያ ጩኸት ይመስለናል። መግዛትና መሸጥ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነገር ሆኖ ሳለ፥ ሦስትና አራት ዓመት ቁጭ ብሎ ይህን መማር ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄም ከተማሩ ሰዎች አፍ ጭምር ይሰማል። ጥያቄው የሚናቅ ስላልሆነ፥ መልሱን ከገበያው ከራሱ ብንጀምር ይሻላል።

በአንድ መንደር ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠውን ሴት እንመልከት። ይህች ሴት ዕቃዋን ሁሉ በኪሎ አትሸጥም። አራት አራት፥ አምስት አምስት እያደረገች በመደብ በመደብ ትደረድረዋለች፤ ይህንም የምታደርገው ከደንበኞቿ መካከል የኪሎውን ዋጋ ባንድ ጊዜ ለመክፈል የማይችሉ መኖራቸውን ስለምታውቅ ነው። “እናቴ፥ መርቂልኝ” ስትባል አንድ ራስ ሽንኩርት ትጨምራለች፤ ያችም አንድ ራስ ገዢውን ነገ ወደ እርሷ እንደምትመልሰው ታውቃለች። የተቀመጠችበትም ሥፍራ ሰው ከሥራ ሲመለስ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው እንጂ እንዲያው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም።

አሜሪካዊው መምህር ኢ. ጀሮም ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ የገበያን ሥራ በአራት ከፍሎ፥ ዕቃው፥ ዋጋው፥ የሚሸጥበት ሥፍራና ስለ ዕቃው ለገዢ ማሳወቅ ሲል አስቀመጠ። አራቱም በእንግሊዝኛ በ“ፒ” ፊደል ስለሚጀምሩ ተማሪዎች “አራቱ ፒዎች” እያሉ ያጠኗቸዋል። የጉልቷ ሴት አንዱንም ፒ ሳታውቅ በአራቱም በየቀኑ ትሠራባቸዋለች።

እንግዲያው ኮሌጁ የሚጨምረው ምንድር ነው? እንደ እኔ አስተያየት ልዩነቱ ያለው በገዢው ላይ ነው። ሴትየዋ ገዢዋን በዓይኗ ታየዋለች። ፊቱ ሲከፋ ዋጋው እንደ ከበደው ትረዳለች፤ ቲማቲሙን ጫን አድርጎ ሲመልሰው እንደ በሰለበት ታውቃለች። ነገር ግን ገዢው ባሕር ማዶ በሆነ ጊዜ፥ በመካከሉም ሰብሳቢ፥ አቅራቢ፥ ላኪና አስመጪ በገቡ ጊዜ፥ ዓይን ብቻውን አይበቃም። ያን ጊዜ መጠየቅ፥ መቁጠርና መመዝገብ ያስፈልጋል። ገዢው ማን ነው? ምን ፈልጎ ይገዛል? ስለ ምኑስ አስበልጦ ይከፍላል? የማርኬቲንግ ትምህርት ዋና መሠረቱ ይህን የማይታየውን ገዢ ማወቅ ነው፤ ማስታወቂያ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ቅርንጫፍ ነው።

ለዚህ ነገር ከቡናችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የይርጋ ጨፌ፥ የሲዳሞና የሐረር ቡና፥ ስለ ልዩ ጣዕሙ አስበልጠው በሚከፍሉ የውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ያስገኘው ትርፍ በአብዛኛው የሚቀረው ቡናውን ቆልተው በሚሸጡት ኩባንያዎች እጅ ነበር። ገበሬው ፍሬውን ይሸጣል እንጂ ስሙን አይሸጥም ነበርና። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት አማካይነት ሦስቱ ስሞች በአሜሪካ አገር የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ።

ሌላ መንገድም ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቡና ከተባለው ሥፍራ መምጣቱን እየመረመሩ የምስክር ወረቀት መስጠት ነው። ነገር ግን ቡናውን የሚያመርቱት በተበታተነ አነስተኛ ማሳ ላይ ያሉ እጅግ ብዙ ገበሬዎች ስለሆኑ፥ እያንዳንዱን ከረጢት መከተል ወጪውም ድካሙም ከአቅም በላይ ሆኖ ተገኘ። የስሙ ባለቤት መሆን የተመረጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ጉዳዩ ግን በቀላሉ አልተፈጸመም። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር፥ ስሞቹ የቡና ዐይነት መጠሪያ ሆነዋል በማለት ተቃወመ፤ ስታርባክስ የተባለውም ትልቅ ኩባንያ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ ቀደም ብሎ አመልክቶ ነበር። ይርጋ ጨፌ በ1998 ዓ.ም. ተመዘገበ፤ በ1999 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋራ ስምምነት ተደረገ፤ ሲዳሞና ሐረርም በ2000 ዓ.ም. ተከተሉ።

በስሞቹ ለመጠቀም ፈቃድ ከወሰዱት ኩባንያዎች የፈቃድ ክፍያ አልተጠየቀም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ፥ ታዲያ ያ ሁሉ ሙግት ለምን ነበር ይላል። ዓላማው ግን ስሙ በየማሸጊያው ላይ በትክክል እንዲጻፍና ፈላጊው እንዲበዛ ነበር፤ ፈላጊ ሲበዛ ሻጭ በዋጋው ላይ የሚናገረው ቃል ይኖረዋል። ይህን ስሌት ለመረዳት በእውነቱ ትምህርት ያስፈልጋል፤ በዓይን አይታይምና።

ስም ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ዕቃው የሚሄድበት መንገድ ስሙን ሊሸፍነው ይችላል። በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ሲጀምር፥ ክፍያው የታመነ ሆነ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቡናው በመጣበት አካባቢና በደረጃው እየተመደበ ስለሚቀላቀል፥ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደ ተገኘ ለማወቅ የሚሻ ገዢ መልስ አያገኝም ነበር። በቀጥታ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው የገበሬ ዩኒየኖች ከዚህ ውጭ ነበሩ። ልዩ ቡና የሚገዛ ሰው አስበልጦ የሚከፍለው ስለዚሁ መልስ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ የቡናው መነሻ ተለይቶ እንዲታወቅ መንገድ ከፈተ።

ልብ በሉ፤ ማመልከቻው እንዲቀርብ ያደረጉት፥ አዋጁንም ያረቀቁት እንደ እኛው በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ማርኬቲንግ የነጋዴ ልጅ ትምህርት ነው የምንለው አባባል በዚህ ላይ ይወድቃል።

ስለ አስተማማሩ ግን ቅሬታ አለኝ። በ1935 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ከተቋቋመ ጀምሮ የንግድ ትምህርት ባገራችን አዲስ አይደለም። ሆኖም ዛሬም ቢሆን አራቱን ፒዎች ባንድ ትንፋሽ የሚደረድር ተማሪ፥ በመርካቶ አንድ ዐይነት ዕቃ የሚሸጡት ሁሉ ለምን ባንድ ተራ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ይላል። መልሱ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ገዢው አወዳድሮ መግዛት ስለሚሻ ብዙ ሻጭ ወዳለበት ይሄዳል፤ ርቆ ብቻውን የከፈተ ሰው ገዢ ያጣል። ነገር ግን የመጽሐፉ ምሳሌ የአሜሪካ ሳሙናና አውቶሞቢል ስለሆነ፥ ተማሪው ምን አለሽ ተራን ከትምህርቱ ጋራ አያገናኘውም። ለአንድ ሳምንት ወደዚያ ተልኮ፥ ገዢዎችን የመጀመሪያውን ሱቅ ለምን አልፋችሁ ሄዳችሁ እያለ ቢጠይቅና ቢመዘግብ፥ ከአንድ መንፈቅ ማስታወሻ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ከሥራ በኋላ በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማሩ ብዙ ባልደረቦችም አሉን። ለእነርሱ የቤት ሥራው ከዚህ ይልቅ ቅርብ ነው፤ ነገ ጧት በመስኮታቸው ፊት ከተሰለፉት ባለጉዳዮች አምስቱን፥ ለዚሁ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱና በየጊዜው የትኛው ወረቀት ጎደለ እንደ ተባሉ ጠይቀው ይጻፉ።