እርካብና ልጓም፤ ከአሮጌ ዕቃ መካከል የሚገኘውን የፈረስ መሣሪያ ስለ መለየትና ስለ መተመን



ሰንጋ ተራ፣ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ የደለበ በሬ ይገበይበት የነበረ ሥፍራ ነው። በቋንቋችን ሰንጋ የሚባለው ግን በሬ ብቻ አይደለም፤ የተኮላሸ ፈረስም ሰንጋ ፈረስ ይባላል። ዛሬ በሠፈሩ ሰንጋ በሬም ሆነ ሰንጋ ፈረስ አይታይም። በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ቁመቱ ከ200 ሜትር የሚያልፈው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከሌሎች የገንዘብ ተቋማት ሕንፃዎች ጋር፣ የአካባቢውን መልክ ለውጦታል። ሕንፃዎቹ ከመቆማቸው በፊት ግን የጭቃ ቤቶቹ መፍረስ ነበረባቸው፤ ቤት ሲፈርስ ደግሞ ቆጥ ይራገፋል፣ ሣጥን ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ከተሰበረው ብረት ድስትና ከአሮጌው ቆርቆሮ ጋር ማንነቱ የማይታወቅ ቀለበት፣ የዛገ ልጓም፣ የጠቆረ እርካብ ይወጣል። ቁራሌው በራፍ ላይ ሲጣራ ይሰማል፤ ዕቃው በኪሎ ይመዘናል፤ ከዚያም ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። እዚያ የሚጠብቀው መዶሻና እሳት ነው። አያት የጋለቡበት እርካብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማጠፊያ ወይም የከሰል ምድጃ እግር ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

የዚህ ንግግር ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ ቢገባ ምንነቱን በምን ይለያል? ዋጋውንስ በምን ይተምናል?

በሌላው ዓለም ጥያቄው ቀለል ይላል። የአሜሪካ ከብት ነጂዎች በጫማቸው ተረከዝ ላይ ያሥሩት የነበረው የፈረስ መኮርኮሪያ ብረት ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ሲሆን፣ ፈላጊው አስቀድሞ የሚመረምረው የሠሪውን ማኅተም ነው። በኒው ጀርሲ ይሠራ የነበረው የኦገስት ቡርማን ፋብሪካ፣ ለምሳሌ፣ በኮከብ ምልክቱ ይታወቃል። ያገራችን ቀጥቃጭና አንጥረኛ ግን ስሙን በሥራው ላይ የማተም ልማድ አልነበረውም። ስለዚህ ምስክሩን ከራሱ ከዕቃው፣ ይኸውም ከቅርጹ፣ ከማዕድኑ፣ ከአሠራሩና ከአበላሉ መሻት ግድ ይሆናል።

በመጀመሪያ ቅርጹ ይታያል። ተረከዝ ላይ የሚታሠር መኮርኮሪያ ከተገኘ ነባር ያገር ቤት ፈረሰኛ ዕቃ ነው ለማለት አያስደፍርም። በባዶ እግሩ የሚጋልበው ሰው ፈረሱን የሚያነቃው በእግሩና በአለንጋው ነበርና፣ መኮርኮሪያው የሚያመለክተው ቡት ጫማ የሚያደርገውን ዘመናዊ ፈረሰኛ ወታደር ወይም የውጭ አገር ሰው ነው። በአንጻሩ ነባሩን እርካብ ትንሽነቱ ያስታውቀዋል። ፈረሰኛው ትልቁን የእግሩን ጣት ብቻ አስገብቶ የሚረግጠው በመሆኑ፣ ያላወቀ ሰው የበር ቀለበት ወይም የከብት ማሠሪያ ይመስለዋል። ነባሩም ልጓም እንዲሁ የራሱ መለያ አለው፤ ከአፍ ብረቱ ጋር የተያያዘ፣ የፈረሱን የታች መንጋጋ የሚከብብ የብረት ቀለበት ይገኝበታል። ዛቡ ሲሳብ ቀለበቱ መንጋጋውን ስለሚጫን በሩጫ ላይ ያለውን ፈረስ ባጭሩ ያቆመዋል።

ሁለተኛው አሠራሩ ነው። በእጅ የተቀጠቀጠ ብረት ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መጋጠሚያውም በእሳት ተግሎ፣ ተደራርቦ የተመታ ነው። በመጋጠሚያው ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ ጉብታ፣ ወይም በገጹ ላይ የኤሌክትሪክ መሞረጃ የጫረው ትይዩ መስመር ከታየ፣ ዕቃው አዲስ ነው፤ አለዚያም በቅርቡ ተጠግኗል። የብረቱ ምንጭ ብቻውን ግን ዘመንን አይወስንም። ቀጥቃጭ ያገኘውን ብረት ሁሉ፣ የመኪና ባሌስትራን ጨምሮ፣ አግሎ ይሠራበታልና።

ሦስተኛውና ለመሐንዲስ የሚቀርበው መመዘኛ አበላሉ ነው። ማናቸውም መሣሪያ የሚያልቀው ኃይል በሚያርፍበት ቦታ ነው። እርካብ ከላይ ጠፍሩ የሚያልፍበት ዐይን፣ ከታች ደግሞ ጣት የሚረግጠው ወለል ይበላል፤ ፈረሰኛው የሚወጣበት ጎን እርካብም ከጓደኛው ይልቅ ያልቃል። ልጓም የሚያልቀው ቀለበቶቹ እርስ በርስ በሚፋተጉበት መገናኛ ላይ ነው። አስመሳይ ሠሪ በአሲድ ሊያጠቁርና ሊያዝግ ይችላል፤ ዝገቱ ግን ሁሉንም ገጽ እኩል ይሸፍናል፤ መገናኛው ሳያልቅ ውጭው ብቻ ያረጃል። ኃይል ባላረፈበት ቦታ የተበላ፣ ባረፈበትም ቦታ ያልተበላ ዕቃ ሐሰተኛ ምስክር ነው።

አራተኛው ማዕድኑ ነው። የመኳንንቱ የፈረስ ዕቃ በብር ያጌጥ ነበር፤ ለአንጥረኛውም ዋነኛው የብር ምንጭ ጠገራ ብር ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመራል። በጠገራው ላይ የሚነበበው 1780 የንግሥቲቱ የሞት ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በቪየናም ሆነ በሌሎች ከተሞች የተመቱት ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይዘዋል። ስለዚህ ጠገራ የተለጠፈበት የፈረስ ጌጥ ቢገኝ፣ ቁጥሩን አይቶ ዕድሜውን መናገር ስሕተት ነው።

ብሩን ከነሐስ ለመለየት አሲድ ማፍሰስ ወይም በሞረድ መፋቅ አያስፈልግም፤ አርኪሜድስ ያስተማረው ይበቃል። እንበልና አንድ ጥንድ እርካብ በአየር ላይ 204 ግራም መዘነ። በክር ተንጠልጥሎ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ሲገባ 184 ግራም ቢመዝን፣ የጎደለው 20 ግራም የዕቃውን ይዘት ይነግረናል፤ 204 ለ20 ሲካፈል 10.2 ይሆናል። ይህም ለጠገራ ብር ውሕድ የሚጠበቀው እፍጋት ነው። በውኃ ውስጥ 180 ግራም ቢመዝን ግን ውጤቱ 8.5 ይሆናል፤ ዕቃው ነሐስ ነው ማለት ነው። ሚዛኑ በአንድ ግራም ቢሳሳት ውጤቱ በአምስት ከመቶ ያህል ይዛባል፤ ብርን ከነሐስ ለመለየት ይህ አያሰናክልም፣ የብሩን ጥራት በትክክል ለመናገር ግን አያስችልም። ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ቆዳ ወይም እንጨት የተያያዘበት ዕቃ በዚህ መንገድ አይመዘንም። ማግኔት የሚስበው ከሆነም ውስጡ ብረት፣ ላዩ ብቻ ብር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋጋው እንለፍ። የተጠቀሰው ጥንድ ብር ሆኖ ከተገኘ 170 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው፤ በቀድሞው ሚዛን ስድስት ወቄት ያህል ነው። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ማለትም የማቅለጫው ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ የእጅ ሥራው ይታሰባል። ቀጥሎ ምሉዕነቱ፤ ጥንድ እርካብ ከሁለት ነጠላ እርካቦች ይበልጣል፤ ከኮርቻው፣ ከግላሱና ከልጓሙ ጋር የተገኘ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የመጨረሻውና ከፍተኛው ዋጋ ታሪኩ ነው። ባገራችን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ሻጭ ሁሉ ዕቃውን ካንድ ስመ ጥር ሰው ጋር ማያያዝ ይወዳል። ማስረጃ የሌለው ዝና ግን በዋጋው ላይ አይደመርም። ከትልቅ ስም ይልቅ የትንሽ ሰው እውነተኛ ታሪክ ይበልጣል፤ ማን ጋለበበት፣ በየት አገር፣ ከማን ወደ ማን ተላለፈ የሚለው ከባለቤቱ አፍ ተሰምቶ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ከዕቃው ጋር ሊቀመጥ ይገባል። ዕቃው ከቤት ወጥቶ በቁራሌው ጆንያ ከገባ በኋላ እርካቡ ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ ታሪኩ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ በበጎ ሐሳብ ነው። ያገኘው ሰው እንዲያምር ብሎ በሎሚና በዐመድ ይፈትገዋል፤ ቅርጹን ያደበዝዛል፣ የአበላሉን ምልክት ያጠፋል። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት፣ ብረቱን በጥቂት ዘይት ማበስ፣ ቆዳውን ከፀሐይና ከርጥበት መጠበቅ በቂ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ መከልከሉንም ገዥም ሻጭም ሊያውቀው ይገባል።

ለማነጻጸር የሚሻ ሰው በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይጎብኝ። ዕቃው በሥራ ላይ ሳለ ለማየት የሚሻ ደግሞ ጥር 23 ቀን ወደ እንጅባራ ይዝለቅ፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ያከብራል። እዚያ እርካብ የሚረገጥ፣ ልጓም የሚሳብ፣ ኮርቻ የሚጫን መሣሪያ እንጂ የግድግዳ ጌጥ አይደለም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ አሮጌ ሠፈር እንዲፈርስ ፕላን የሚነድፈው፣ አዲሱንም የሚያቆመው የዚሁ ሙያ ሰው ነው። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት የአፈሩን ጥንካሬ የሚመረምር መሐንዲስ፣ በዚያው ቀን የቤቱን እመቤት «እማማ፣ በቆጡ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያጠፋው ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ሚዛን፣ ክርና አንድ ባልዲ ውኃ በሁሉም የሥራ ቦታ አይታጡም። የሚታጣው ጠያቂ ነው።